ሲግናል የማይገባበት ክፍል

«በሩን!» ብላ ጮኸች። «በሩን ዝጋ እንጂ!»

ወጣቱ ክው ብሎ ደፉ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ካርቶን ታቅፏል። ከካርቶኑ አፍ የብረት ጣት የሚመስል ነገር ብቅ ብሏል።

«ልግባ ወይስ ልውጣ?»

«እንደፈለግክ! ብቻ በሩ ይዘጋ። ከጠዋት ጀምሮ የለፋሁበትን እኮ ገደል ከተትከው!»

ገብቶ ዘጋው። ከባዱ የብረት በር ድም ብሎ ሲገጥም የውጭው ድምፅ ሁሉ አብሮ ተቆረጠ። የየራሳቸውን ትንፋሽ መስማት ጀመሩ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ አዞረች። የጠዋቱ ሥራ ከንቱ ቀርቷል፤ እንደገና ሀ ብላ መጀመር ነበረባት።

የክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ፣ ወለሉም ሳይቀር፣ ብረት ነው። ከውጭ ሲግናል አይገባበትም፤ ከውስጥም አይወጣም። ድርጅቱ የሚሠራው አረጋውያንና ሕመምተኞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏትን ትንሽ መሣሪያ ነበር። የጨነቀው ሰው ቁልፏን ሲጫን የድረሱልኝ ጥሪው ያለ ገመድ፣ በአየር ተጉዞ የቤተሰቡ ስልክ ላይ ይደርሳል። ጥሪውን መንገድ መርቶ የሚያደርሰው በመሣሪያዋ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ይሳሳታል፤ እና መሣሪያዋ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ስህተቱን ማግኘት የዚህች ልጅ ሥራ ነበር። የከተማው ስልክና ሬዲዮ እየገባ እንዳይረብሻት ብረቱ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ክፍሉ ውስጥ የተተከለውን ሰው ሠራሽ ኔትወርክ አንዴ ታጠነክረዋለች፣ አንዴ ታደክመዋለች። ቁልፏን ትጫናለች፤ ጥሪው መድረሱን ታያለች። ደግማ ትጫናለች። እንዲህ እንዲህ ስትል ቀኑ ይመሻል። በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ፈታሿ» ይላታል።

«አዲስ ሠራተኛ ነኝ» አለ ወጣቱ ካርቶኑን እያስቀመጠ። «አውቶማቲክ ፍተሻውን እንድሠራ ነው የተቀጠርኩት።»

ፈታሿ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። ወሬው ከተሰማ ሰንብቷል። ያለ ሰው እጅ፣ በራሱ የሚፈትሽ ማሽን የሚሠራ ሰው ይመጣል፤ እሱ ሥራውን ሲጨርስ ቁልፍ የሚጫኑት ሰዎች ዕቃቸውን ይሰበስባሉ ይባል ነበር። እሷ ደግሞ ከባድ ምክንያት ነበራት ይህን ሥራ ላለማጣት።

«ታዲያ እሱ ምንድነው?» አለች ወደ ብረት ጣቱ በአገጯ እያሳየች።

«ጣት ነው። ቁልፉን የሚጫን።»

«እኔ ጣት አለኝ።»

ወጣቱ እጇን አየ። ከዚያ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። «አይቻለሁ» አለ።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ባለጣቱ» ይለው ጀመር።

* * *

ስሙን ያወጣችለት ከፈታሿ ጎን የምትቀመጠው ሌላዋ ፈታሽ ነበረች። እሷም ራሷ «ሳቂታ» ትባላለች፤ ሰው ሲቆጣት እንኳ ትስቃለች።

«አይተሽዋል ባለጣቱን?» አለች አንድ ቀን። «ሊያባርረን መጥቶ ደህና አደራችሁ ሲለን ግን እንዴት ያምርበታል!»

«አፍሽን ያዢ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! ከተባረርኩ አይቀር በቆንጆ ልባረር።»

ፈታሿ መሳቅ አልቻለችም። የክፍሉ ኃላፊ ያን ዕለት ጠዋት አስጠርቷት «የምታውቂውን ሁሉ አሳዪው» ብሏታል። ማሽኑ እንዲፈትሽ መጀመሪያ እሷ እንዴት እንደምትፈትሽ መማር አለበት። በገዛ እጅሽ ጉድጓድሽን ቆፍሪ ተባልኩ እኮ ብላ ስታስብ ዋለች።

ሆኖም አሳየችው። ነገር መደበቅ አይሆንላትም ነበር። ኔትወርኩ ሲደክም ጥሪው እንዴት እንደሚንገዳገድ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ምን እንደሚሆን፣ ሰው በድንጋጤ ቁልፉን ደጋግሞ ሲጫን መሣሪያዋ እንዴት እንደምትደናገር አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ እየሰማ ይጽፋል። የጻፈውን ኮድ ያስነሳል፤ የብረት ጣቱ እያቃሰተ ወርዶ ቁልፉን ይጫናል። አንዳንዴ ይስታል። አንዴማ ቁልፉን ስቶ የእሷን የሻይ ብርጭቆ ገፍቶ ጣለው።

«ተቀናቃኙን ለይቶ አወቀ» አለችው።

ባለጣቱ ሳቀ። ሲስቅ ድምፁ አይወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እሷም ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በዚያ ክፍል ዝምታ እንደ ሌላው ቦታ ዝምታ አይደለም። መኪና የለ፣ ጫጫታ የለ፣ መደበቂያ የለ። የምራቋን መዋጥ እንዳይሰማ ፈርታ ወንበሯን ሆነ ብላ ሳበች።

አንድ ቀን ከክፍሉ ሲወጡ ባለጣቱ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ከዚህ በወጣሽ ቁጥር መጀመሪያ የምታዪው ስልክሽን ነው። ፊትሽ ይገረጣል። ከዚያ ታዪውና ትተነፍሻለሽ።»

ስልክ ብረቱ ክፍል ውስጥ ዋጋ ስለሌለው ውጭ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ፈታሿ ስልኳን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘች። የማን ሰላይ ነህ ልትለው ነበር፤ ድምፁ ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም።

«አባቴ ነው» አለች። «ልቡ ታማሚ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ ብቻ ነን። ቀን ቀን አክስቴ ትጠብቀዋለች፤ ግን… እዚያ ውስጥ ስሆን ቢደውሉ አልሰማም። በሩ በተዘጋ ቁጥር አሁን ነው፣ አሁን ነው እላለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም» አለች።

* * *

በማግሥቱ ባለጣቱ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ነበር። ፈታሿ ስትደርስ መደርደሪያው ላይ የስልኳን መጠን የሚያህል ስስ ሳህን ተቀምጣለች። ከሳህኗ ሥር ቀጭን ሽቦ ወጥቶ የፍተሻ ገመዶች በሚያልፉበት ቀዳዳ በኩል ወደ ብረቱ ክፍል ይገባል።

«ስልክሽን እዚህ አስቀምጪው» አለ። «ሲንቀጠቀጥ ሳህኗ ታውቃለች። ነይ ግቢ።»

ገባች። በሩ ድም አለ። እሱ ውጭ ሆኖ ደወለላት። ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

ፈታሿ ለረጅም ጊዜ መብራቷን አየቻት። በሩን ስትከፍት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የተቆጣች ለመምሰል ብትሞክርም ፊቷ እምቢ አላት።

«ሥራህን ትተህ ይህን ስትሠራ አመሸህ?»

«ሥራዬ ጥሪ መድረሱን ማረጋገጥ አይደለም እንዴ?» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ፈታሿ በሩ ሲዘጋ ትከሻዋ መውረድ ጀመረ። ቀና ብላ መብራቷን ታያለች፤ ካልበራች ሰላም ነው። ሰላም ሲሆን ደግሞ ከዚህ በፊት ልብ ያላለቻቸው ነገሮች ይታይዋት ጀመር። ባለጣቱ ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ እንደሚያሽ አየች። የሸሚዙ እጅጌ የተሰፋበት ክር ከሸሚዙ ጋር እንደማይመሳሰል አየች፤ ራሱ ሰፍቶት መሆን አለበት ብላ ስታስብ አንጀቷን በላት። ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው ይሄዳሉ። አውቶቡሷ ሲመጣ «የሚቀጥለውን እይዛለሁ» ትላለች። የሚቀጥለውም ሲመጣ እንደዚያው።

«የእኔ ማሽን ሥራሽን እንዲወስድ አልፈልግም» አላት አንድ ምሽት፣ መንገዱን እንጂ እሷን ሳያይ። «ይህን እንድታውቂው ነው።»

«ታዲያ ምንድነው የምትፈልገው?»

መልስ ሳይሰጣት አውቶቡሱ መጣ። ያን ጊዜ ተሳፈረች፤ ፈርታ። መልሱን እንደምታውቀው ስለገባት ነው የፈራችው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጉንጯ እንደ ፍም ሲግል ይሰማት ነበር። ቤት ስትደርስ አባቷ «ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?» አሏት። «ምንም» አለች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሁሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በመስታወት ውስጥ ሰው ማየት ያውቃሉ። «ምንም የሚባለው ልጅ ሥራው ምንድነው?» ብለው ሳቁባት።

* * *

ክፉው ቀን ሲመጣ እንደማንኛውም ቀን ነበር የመጣው።

ባለጣቱ ማሽኑን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ፍተሻ ብቻ እምቢ አለው። ኔትወርኩ እጅግ ሲደክም ጥሪው መድረስ ሲገባው አንዳንዴ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ ይሁን፣ ማሽኑ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን ሊለይ አልቻለም። ያን ዕለት ረፋድ ላይ፣ ፈታሿ ሻይ ልትጠጣ በወጣችበት፣ ድንገት ሐሳብ መጣለት። የመብራቷ ሽቦ! በዚያች ሽቦ በኩል የውጭው ሲግናል እየሾለከ ክፍሉ ውስጥ ይገባ ይሆን? ሽቦዋን ነቀላት። ፍተሻውን አስነሳ። ጥሪው ደረሰ። ደገመው፤ ደረሰ። ለሰው ደግ አደርጋለሁ ብሎ ያስገባት ሽቦ ናት ይህን ሁሉ ቀን ፍተሻውን ስታበላሽ የኖረችው።

ሽቦዋን መልሶ ሊሰካ እጁን ሲዘረጋ የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ «ና፣ ስብሰባ! አሁኑኑ» አለው። ሄደ።

ፈታሿ ተመልሳ ገባች። ስልኳን ሳህኗ ላይ አስቀመጠች፤ በሩን ዘጋች። ሥራዋ ቀንቷት ነበር። አልፎ አልፎ ቀና ብላ መብራቷን ታያለች። አልበራችም። ሰላም ነው።

በምሳ ሰዓት ስትወጣ ስልኳ ላይ የአክስቷ ጥሪ ተደርድሮ ጠበቃት። ልቧ ስንጥቅ አለ። መልሳ ስትደውል ቁጥሩን ደጋግማ ሳተች።

«የት ነበርሽ?» አሉ አክስቷ እያለቀሱ። «ስንቴ ደወልኩልሽ! አባትሽ ወድቆ… ሆስፒታል ነን። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ የኔ እናት። ስምሽን ሊጠራ ይታገላል፣ አይወጣለትም።»

እንዴት ሆስፒታል እንደደረሰች አታውቅም። አባቷ አልጋው ላይ ትንሽ ሆነው ተኝተዋል፤ ቀኝ እጃቸው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጎናቸው ወድቋል። ዓይናቸው ግን አወቃት። ሐኪሟ ጎን ወስዳ አነጋገረቻት። «ስትሮክ ነው። አክስትሽ ጊዜ ሳያጠፉ ስላመጧቸው ነው የተረፉት። ንግግሩ በልምምድ ይመለስ ይሆናል፤ ስለ እጃቸው ግን አሁን መናገር አልችልም።»

«ቀድሜ ብሰማ ኖሮስ?»

«ምንም አይለወጥም ነበር» አለች ሐኪሟ።

ፈታሿ አላመነቻትም። ልታጽናናት ነው እንዲህ ያለችው። አባቷ ስሟን ለመጥራት ሲታገሉ እሷ ብረት ውስጥ ተቀምጣ ያልበራች መብራት እያየች ሰላም ነው ትል ነበር።

አመሻሹ ላይ ባለጣቱ መጣ። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲያያት እርምጃው ቀዘቀዘ። ፈታሿ ገና መብራቷ ተበላሽታ ነበር ብላ ነበር የምታስበው። ዝም ቢል እንደዚያው ሆኖ ይቀር ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሽቦዋን እኔ ነቀልኳት። ለፍተሻ ነበር። ልመልሳት ስል ተጠራሁ፤ ከዚያ ረሳኋት። አልነገርኩሽም።»

ፈታሿ አየችው። 

«ስልኩን መርሳት አቅቶኝ ነበር የኖርኩት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በየደቂቃው እየወጣሁ አይ ነበር። ማየት የተውኩት አምኜህ ነው። ገባህ? አምኜህ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ሂድልኝ።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ኮሪደሩን ይዞ ሲሄድ ጀርባውን አላየችውም፤ እግሩ ሲርቅ ግን እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው።

* * *

አባቷ ከሆስፒታል ወጡ። ፈታሿ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ተመለሰች። ማሽኑ አልቋል። የብረት ጣቱ ከጠዋት እስከ ማታ ቁልፍ ይጫናል፤ ብረቱ ክፍል ውስጥ ሰው የለም። የፈታሿ ወንበር ግድግዳ ሥር ተገፍቷል።  የአባቷ መድኃኒት፣ የንግግር ልምምዱ፣ የቤቱ ነገር ሁሉ ተራ በተራ ፊቷ ተደቀነ።

ባለጣቱ ሲያያት ተነሳ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች፤ እንደ ባዳ። እሱም ከዚያ አላለፈም። ከስቶ ነበር። እያየችው እንዳላየችው ሆነች፤ ውስጥ ውስጡን ግን በልቶ ይሆን ወይስ አልበላ ይሆን እያለች መጨነቋ ሲገባት በራሷ ተናደደች።

ሳቂታ ዕቃዋን ከጠረጴዛዋ እየሰበሰበች ነበር። ፈታሿ ስታያት ክው አለች።

«አባረሩሽ?»

«ኧረ አዛወሩኝ! ደንበኛ ሲደውል ስልክ የሚያነሳው ክፍል። ከጣት ወደ ጆሮ አደግኩ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ። «አንቺ ትቀሪያለሽ። ማሽኑ ስህተት አለ ሲል ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የፍተሻው የሚለውን ሰው ማየት አለበት አሉ። ኮድ መጻፍም ያስተምሩሻል።»

«ማን አለ?»

ሳቂታ ዙሪያዋን ቃኘች። «ባለጣቱ አልነገረሽም? ያን ቀን፣ አባትሽ የወደቁ ቀን፣ ስብሰባው እኮ የእኛ ጉዳይ ነበር። ኃላፊው ሁለቱም ይሂዱ ብሎ ነበር። ያ ልጅ ጠረጴዛ እየደበደበ ሲከራከር እንደዋለ ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። ለእኔም ተከራክሯል፤ አልሆነለትም። ለአንቺ ሆነለት።» ካርቶኗን አነሳች። «እኔ ብሆን ያንን ሳልናገር አንድ ቀን አላድርም። እሱ ግን አፉን ለጉሞ ኩርፊያሽን ተሸከመ። ሞኝ ነው። እንዲህ ያለ ሞኝ ግን የት ይገኛል?»

ፈታሿ ባለችበት ቆማ ቀረች። ከዚያ ኮሪደሩን አቋርጣ ማሽኑ ወዳለበት ወደ ብረቱ ክፍል ገባች። ባለጣቱ የተፈታ ብሎን እያጠበቀ ነበር።

«ያን ቀን ለምን እንደተጠራህ ለምን አልነገርከኝም?»

እጁ ቆመ። የጆሮውን ጫፍ አሸ። «ብነግርሽ ሽቦው ተመልሶ ይሰካ ነበር?»

«ቢያንስ እንደዚያ አልናገርህም ነበር!»

«ያልሽው እኮ እውነት ነው» አለ። «አምነሽኝ ነበር፤ ረሳሁ። ምክንያቱ ጥሩ ስለሆነ መርሳቴ አይሰረዝም። ‹ለአንቺ ስል ነው› ብዬ ደግሞ ሌላ ሸክም እንድጭንብሽ አልፈለግኩም።»

 ፈታሿ ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት ነበር የመጣችው። ግን ፍርሃቱ ገና አልለቀቃትም፤ እንደገና ብታምን፣ እንደገና ትከሻዋን ብታወርድ፣ እንደገና ክፉ ቀን ያንኑ ጊዜ ጠብቆ ቢመጣስ? ዞራ ወጣች።

* * *

የአባቷ ንግግር ቀስ እያለ እየተመለሰ ነበር። ቃሉ ከአንድ ጎን አፋቸው እየተጎተተ ይወጣል፤ ፈታሿ ታግሳ ትጠብቃለች። ከሥራ ስትመለስ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች፤ ትራሳቸውን ታስተካክላለች፣ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች፣ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«ተይኝ… እስቲ» አሏት አንድ ምሽት።

«ምን አደረግኩህ አባዬ?»

«እንደ… ሞተር… ታዳምጪኛለሽ። ይጠፋ… ይሆን… እያልሽ።» ትንሽ አረፉ። «ያ ልጅ… የት ሄደ?»

ፈታሿ ደነገጠች። ሆስፒታል ሳሉ፣ አባቷ የሚሰሙ ሳይመስላት፣ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ ነገሩን ሁሉ አውርታላቸው ነበር፤ ሽቦውን፣ መብራቷን፣ አውቶቡስ ማቆሚያውን ሳይቀር።

«ሰምተኸኛል?»

«አፌ እንጂ… ጆሮዬ… አልታመመም።»

«አባዬ፣ በእሱ ምክንያት እኮ ነው ስትወድቅ ያልደረስኩልህ።»

«ብትደርሺስ… ታነሺኝ ነበር? አክስትሽ… አነሳችኝ… ወፍራም ናት።» ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ ደህናው እጃቸው እጇን ፈልጎ ያዘ፤ ሲናገሩ ቃሉ እንዳይጠፋባቸው አንድ በአንድ እየመረጡ ነበር። «ልጄ… እኔ እሞታለሁ። ዛሬም… ሊሆን ይችላል… ከዓመታትም በኋላ። አንቺ ግን… ሞቴን ስትጠብቂ… እኔን ማየት ተውሽ። ራስሽንም። ያ ልጅ የመጣ ሰሞን… ስትስቂ… አየሁሽ። ናፈቀኝ። ይምጣ… በይው።»

ፈታሿ ፊቷን ብርድ ልብሳቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች። አባቷ ፀጉሯን ይነካሉ፤ «በቃ… በቃ… ታጥቢዋለሽ ልብሱን» ይላሉ።

በማግሥቱ ባለጣቱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠበቀችው። ሲያያት ዘወር ብሎ ሊያልፍ ነበር።

«አባቴ ሊያይህ ይፈልጋል» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሊቆጡኝ ነው?»

«እኔ እንጃ። መናገር ስለሚያደክመው ቢቆጣህም አጭር ነው።»

* * *

ባለጣቱ እሁድ ዕለት መጣ። የሱሪው መታጠፊያ እንደ ምላጭ የተሳለ ነበር። አክስቷ ከላይ እስከ ታች አይተው «ይኸው ነው?» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ባለጣቱ ከአባቷ ፊት ቆሞ «አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» ሲል አባቷ «ቁጭ… በል፤ አንገቴን… አሳመምከኝ» አሉት። ስለ ሽቦው አንድም ቃል አላነሱም። ይልቅ አውቶቡስ መንዳት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። አያውቅም። «ምን… ታውቃለህ ታዲያ?» ሲሉት ወጣቱ ግራ ገብቶት ፈታሿን አያት፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

በሚቀጥለው እሁድም መጣ። በሚቀጥለውም። ፈታሿ በየሳምንቱ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ትጨነቅ ነበር፤ ዛሬስ ቢቀር እያለች። ሲመጣ ደግሞ ስለመጣ ትጨነቃለች። በመካከላቸው ገና ያልተባለ ነገር ነበር፤ ሁለቱም እንደ ሞላ ብርጭቆ በጥንቃቄ ይዘውት ይዞራሉ።

አንድ እሁድ አክስቷ አልነበሩም። ፈታሿ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ፋርማሲው ተዘግቶባት ሩቅ ሄዳ ነበር። አባቷን ከባለጣቱ ጋር ትታቸው ነው የወጣችው። ስትመለስ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በሩን ስትገፋው ዕቃው ሁሉ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣ ፊታቸው ላይ የሳሙና አረፋ። ባለጣቱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ጢማቸውን ይላጫል። ሽባ በሆነው ጎን ሲደርስ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ሳብ ያደርጋል፤ ምላጩን እንደ ላባ ያሳርፋል። አባቷ ከታመሙ ወዲህ ያንን ጎን ማንም እንዲነካባቸው ፈቅደው አያውቁም። እሷንም ጭምር።

«ቆረጥኩዎት?» ይላል በየጊዜው።

«ገና… ነህ» ይላሉ አባቷ። «ቀጥል።»

ፈታሿ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።  ፍርሃቷ አልጠፋም፤ አሁንም ደረቷ ውስጥ እንደ ወፍ ይራገባል። ከዚህ በኋላ የምትፈራላቸው ሰዎች ሁለት እንደሚሆኑም አወቀች። አወቀችና ወደ ውስጥ ገባች።

ባለጣቱ ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ክንዱ ሁሉ አረፋ ነው። «እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» አለ ቶሎ ብሎ፣ እንደተያዘ ሌባ።

«አይቻለሁ።»

«ሊያልቅ ነው። ሳልሄድ ወለሉን እወለውለዋለሁ።»

ፈታሿ መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ እሱ ቀረበች፤ ከፎጣው ጫፍ ይዛ አገጩ ላይ የተንጠባጠበውን አረፋ ጠረገችለት። 

«ነገም ትመጣለህ?» አለችው።

«ነገ?» ወደ አባቷ አየ፤ ወደ እሷ ተመለሰ። «ነገ እኮ ጢማቸው አያድግም።»

«ለጢም አላልኩህም።»

ምላጩ በእጁ እንዳለ ቀረ።  ከዚያ አባቷ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ከአንድ ጎን አፋቸው ቃሉን ጎተት አድርገው አወጡት።

«መልስላት… እንጂ፣ አንተ… ሰውዬ። ሳሙናው… ደረቀብኝ።»

«እመጣለሁ» አለ ባለጣቱ። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»